የኬንያ ባሕር ዳርና መልካም እንግዳ

ሰው ከአገሩ ወጥቶ ወደ ሌላ አገር የሚሄድበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ለንግድ ይሄዳል፤ አንዱ ለትምህርት ይሄዳል፤ አንዱ ዘመዱን ለመጠየቅ፥ ሌላውም አየር ለመለወጥና ያላየውን ለማየት ይሄዳል። ምክንያቱ ልዩ ልዩ ቢሆንም የሄደው ሁሉ በደረሰበት አገር እንግዳ ነው። እንግዳም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሲመጣ ቤተ ሰቡ ደስ የሚለው፥ ሲሄድም የሚናፈቅ ነው። ሁለተኛው ሲመጣ ቤተ ሰቡ የሚጨነቅበት፥ ሲሄድም በሩ ቶሎ የሚዘጋበት ነው። ይህ ነገር በአንድ ቤት ብቻ ሳይሆን በአንድ አገርም እውነት ሆኖ ይታያል።

ከአፍሪቃ አገሮች መካከል ከጥንት ጀምሮ ብዙ እንግዳ ሲቀበሉ ከኖሩት አንዱ የኬንያ ባሕር ዳር ነው። ዛሬም ከዓለም ክፍል ሁሉ አገር ጎብኚዎች ይመጡበታል። ስለዚህ የዚህን አገር ነገር ማወቅ ለሚሄድበት ሰው መንገድ መሪ ይሆነዋል፤ ለማይሄድበትም ሰው እንግድነት ምን እንደ ሆነ ያስተምረዋል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ወሮቹ ግን እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

አገሩና አየሩ

ኬንያ ከኢትዮጵያ በስተደቡብ ያለች ጎረቤት አገር ናት። መንገደኛ በሞያሌ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ዋናው ከተማ ወደ ናይሮቢ ይደርሳል። ናይሮቢ ደጋ ናት። ከናይሮቢ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 480 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወርዱ ግን አገሩ እየሞቀ ይሄድና መጨረሻው ሞምባሳ ይሆናል። እንግሊዞች በ1896 ከሞምባሳ የምድር ባቡር መሥራት ጀምረው በ1901 እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ አደረሱት። በ2017 ደግሞ ከሞምባሳ እስከ ናይሮቢ አዲስና ፈጣን የባቡር መንገድ ተከፍቷል፤ ጠዋት ከናይሮቢ የተሳፈረ ሰው ከቀትር በኋላ ባሕሩን ያያል።

ሞምባሳ በህንድ ውቅያኖስ ዳር ያለች ደሴት ናት። ከእርስዋ በስተሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ማሊንዲ ትገኛለች፤ ከማሊንዲም ወዲያ ወደ ሶማሊያ ድንበር አቅራቢያ የላሙ ደሴት አለች። ከሞምባሳ በስተደቡብ ነጭ አሸዋ የተነጠፈበት የዲያኒ ባሕር ዳር አለ። የባሕሩ ዳር ርዝመት ሁሉ ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

ይህ አገር ከምድር ወገብ ጥቂት ብቻ ወደ ደቡብ ፈቀቅ ያለ ስለ ሆነ ዓመቱን ሙሉ ሞቃት ነው። የቀኑና የሌሊቱ ርዝመትም በዓመቱ ወራት ሁሉ እኩል ሊሆን ጥቂት ብቻ ይቀረዋል። ከባሕሩ የሚነሣው እርጥበት ከሙቀቱ ጋራ ስለሚደመር፥ ከደጋ የወረደ ሰው ልብሱ በላብ ይርሳል፤ ቶሎም ይደክመዋል። ስለዚህ ስስ የጥጥ ልብስና ባርኔጣ ያስፈልገዋል፤ ንጹሕ ውሃም አዘውትሮ መጠጣት ይገባዋል። በቀትር ጊዜ በፀሐይ ላይ ከመዋል ይልቅ በጥላ ሥር ማረፍ ይሻላል። የአገሩ ሰዎች ይህን ከአባቶቻቸው ተምረዋልና እንግዳው ከእነርሱ ይማር።

ትልቁ ዝናም የሚዘንበው ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ነው፤ ትንሹ ዝናም በጥቅምትና በኅዳር ይዘንባል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደረቅና ብርቱ ሙቀት ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ሙቀቱ የሚቀዘቅዝበት ስለ ሆነ ሙቀት ለማይችል ሰው የተመቸ ነው።

ነፋስ ያመጣቸው እንግዶች

ገበሬ ዝናምን እንደሚጠብቅ የዚያ ባሕር መርከበኛ ነፋስን ሲጠብቅ ኖሯል። ከኅዳር እስከ መጋቢት ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ስሙንም ካስካዚ ይሉታል። ከሚያዝያ እስከ መስከረም ግን ተመልሶ ከደቡብ ይነፍሳል፤ ይህንም ኩሲ ይሉታል። በጥንት ዘመን የዓረብና የፋርስ የህንድም ነጋዴዎች ዳው በሚባለው ባለ ሸራ መርከብ ተሳፍረው በካስካዚ ወደ አፍሪቃ ይመጡ ነበር። ሸክላና ጨርቅ፥ ተምርና ዶቃ ያመጣሉ፤ የዝሆን ጥርስና ወርቅ፥ የማንግሮቭም እንጨት ጭነው በኩሲ ይመለሳሉ። ካመጡትና ከወሰዱት ሁሉ ክፉው በባርነት የተሸጡ ሰዎች ነበሩ፤ ይህ ሥራ በአገሩ ላይ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ ብዙ ለቅሶ አምጥቷል።

ነፋሱ እስኪዞር ድረስ ነጋዴው ብዙ ወር በባሕሩ ዳር ይቀመጣል። በዚያም ጊዜ ቋንቋ ይለምዳል፤ ይጋባል፤ ይዋለዳል። ስለዚህ የባሕሩ ዳር ሰዎች ቋንቋ ስዋሂሊ ሥሩ የአፍሪቃ ሆኖ ከዓረብ ቋንቋ ብዙ ቃል የተቀበለ ነው። ስሙ ራሱ ባሕር ዳር ከሚል የዓረብ ቃል የመጣ ነው። የዓረብ ቋንቋም ከግዕዝና ከአማርኛ ጋራ ዘመድ ስለ ሆነ፥ ከኢትዮጵያ የሄደ ሰው በማያውቀው ቋንቋ ውስጥ የሚያውቀውን ቃል ሲሰማ ይደነቃል። ሰባትን ሳባ፥ አርባን አሮባይኒ፥ ሃምሳን ሐምሲኒ፥ መቶን ሚያ ይሉታል። ደቂቃን ዳኪካ፥ ሰላምን ሳላማ፥ በረከትን ባራካ ይሉታል።

ከዚህም የሚበልጥ የሚያስደንቅ ነገር አለ። የስዋሂሊ ሰው ሰዓትን የሚቆጥረው እንደ ኢትዮጵያ ሰው ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ ነው። አውሮፓዊ ሰባት ሰዓት የሚለውን የጠዋት ጊዜ የስዋሂሊ ሰው አንድ ሰዓት ይለዋል። ስለዚህ ከኢትዮጵያ የሄደ መንገደኛ በሞምባሳ ገበያ ቀጠሮ ሲሰጠው አይሳሳትም፤ ነገር ግን በባቡር ጣቢያና በአውሮፕላን ጣቢያ የተጻፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስለ ሆነ በዚያ ተጠንቅቆ ይጠይቅ።

ምክር የሰማና ምክር ያልጠየቀ

በ1498 በሚያዝያ ወር ቫስኮ ዳ ጋማ የሚባል የፖርቱጋል የመርከብ አለቃ ወደ ህንድ የሚወስደውን መንገድ ሲፈልግ ወደ ማሊንዲ ደረሰ። የማሊንዲ ንጉሥ በመልካም ተቀበለው። ንጉሡም የባሕሩን መንገድ የሚያውቅ መሪ ሊሰጠው ቃል ገባለት። መሪው በዘገየ ጊዜ ግን ቫስኮ ዳ ጋማ ሊጠይቀው የመጣውን የንጉሡን ባለሟል በመርከቡ ላይ ይዞ አስቀረው። ያበላውንና ያጠጣውን ሰው እንዲህ ማድረግ ለእንግዳ የሚገባ ሥራ አልነበረም። ንጉሡ ግን ታግሦ መሪውን ላከለት።

መሪው ነፋሱን ያውቅ ነበርና ኩሲ ሊነፍስ ሲጀምር መርከቦቹን አስነሣ። ከማሊንዲ ተነሥተው ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ በግንቦት ህንድ አገር ደረሱ። ሲመለሱ ግን እንዲህ አልሆነም። ቫስኮ ዳ ጋማ የነፋሱን መዞር ሳይጠብቅ በጥቅምት መጀመሪያ ከህንድ ተነሣ። ነፋሱ ፊት ለፊት ስለ ገጠመው በአንድ ወር ያነሰ ጊዜ የሄዱበትን ባሕር ሦስት ወር ያህል ተንከራተቱበት። ትኩስ ምግብ ስላጡ ድዳቸው እያበጠ ብዙ መርከበኞች ሞቱ። የቀሩትም በጥር 1499 ማሊንዲ ሲደርሱ ንጉሡ እንደ ገና በመልካም ተቀበላቸው፤ ለድውዮቹም ብርቱካን ከከተማይቱ ተገኘላቸው። ባሕሩ ያው ባሕር፥ መርከቡም ያው መርከብ ነበር፤ ልዩነቱ የአገሩን ሰው ምክር በመስማትና ባለመስማት ነው። የዚሁ የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶቮ ዳ ጋማ በ1541 ከ400 ወታደሮች ጋራ በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ለርዳታ የመጣው፥ በ1542ም የሞተው ነው።

በማሊንዲ ባሕር ዳር በቋጥኝ ላይ ፖርቱጋሎች ያቆሙት ባለ መስቀል ዓምድ እስከ ዛሬ ይታያል። ሞምባሳ ግን ሌላ መታሰቢያ አላት። ፖርቱጋሎች በ1505 መጥተው ከተማይቱን ዘርፈው አቃጠሉ። በ1593 ደግሞ ፎርት ጂሰስ የሚባለውን ታላቅ ምሽግ በባሕሩ በር ላይ መሥራት ጀመሩ። ግንቡ ወፍራም፥ መድፉም ብዙ ነበር። ነገር ግን በፍቅር ያልተመሠረተ ነገር አይጸናምና የኦማን ዓረቦች ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ከበውት በ1698 ያዙት። እንግሊዞችም በተራቸው ወህኒ ቤት አደረጉት። ዛሬ ምሽጉ የጥንት ዕቃ የሚታይበት ቤት ሆኗል፤ በ2011ም በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። ጎብኚ በግንቡ ላይ ቆሞ ባሕሩን ሲያይ፥ በመድፍ የመጡት ሁሉ እንደ ሄዱ፥ ለንግድና ለጋብቻ የመጡት ግን ቋንቋቸውንና ልጆቻቸውን ትተው እንደ ቀሩ ያስተውላል።

ከሸዋ ወደ ሞምባሳ የሄደ ሰው

ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ የሚባል ጀርመናዊ በ1839 በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ወደ ሸዋ መጥቶ በአንኮበር ተቀመጠ። በ1842 ከሸዋ ወጥቶ መመለሻ መንገድ ስላጣ፥ በ1844 ከሚስቱ ከሮዚና ጋራ ወደ ሞምባሳ ሄደ። ጥቂት ወር ሳይቆዩ ሮዚና በንዳድ ታማ ሞተች፤ አዲስ የተወለደችው ሴት ልጃቸውም ሞተች። ክራፍም ራሱ በሕመም ላይ ነበር። መቃብራቸው ከደሴቲቱ ማዶ ኒያሊ በሚባል ስፍራ ይገኛል።

ክራፍ ከዚህ ኀዘን በኋላ አገሩን ረግሞ አልሄደም። በ1846 ከባልንጀራው ከሬብማን ጋራ ወደ ራባይ ወጥቶ ተቀመጠ። የስዋሂሊን ቋንቋ ከአገሩ ሰዎች እየጠየቀ ተማረ፤ ሰዋስውና መዝገበ ቃላትም ጻፈ። መዝገበ ቃላቱ ከሞተ በኋላ በ1882 ታተመ። ከቫስኮ ዳ ጋማ የቀረው መታሰቢያ የድንጋይ ዓምድ ነው፤ ከክራፍ የቀረው ግን የአገሩን ሰው ቃል ሰብስቦ የያዘ መጽሐፍ ነው።

በዚያ ዘመን ንዳድን የምታመጣው ትንኝ እንደ ሆነች ማንም አያውቅም ነበር። በ1897 ሮናልድ ሮስ የሚባል ሐኪም የወባን ነገር በትንኝ ሆድ ውስጥ አግኝቶ አስረዳ። ወባ ዛሬም በባሕሩ ዳር አለች። ስለዚህ መንገደኛ ሳይነሣ አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ፤ የታዘዘለትን መድኃኒት ሳያቋርጥ ይውሰድ፤ ሌሊት በአጎበር ውስጥ ይተኛ፤ ማታም እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ይልበስ። ሮዚና ይህን እውቀት ሳታገኝ ሞተች፤ ዛሬ እውቀቱ ሳለ ችላ የሚል ሰው ግን በሕይወቱ ላይ ይቀልዳል።

የሚጎበኙ ስፍራዎች

የላሙ ከተማ ከ700 ዓመት በላይ ሰው ሳይለያት የኖረች ናት፤ በ2001 በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፋለች። ቤቶቿ በኮራል ድንጋይና በኖራ፥ በማንግሮቭም እንጨት የተሠሩ ናቸው። መንገዶቿ ጠባቦች ስለ ሆኑ ጭነት የሚሸከሙት አህዮች ናቸው። በሮቹ በጥሩ ጥርብ ያጌጡ ናቸው፤ በደጃፉም ከድንጋይ የተሠራ መደብ አለ። ስሙን ባራዛ ይሉታል። ባለ ቤቱ ጎረቤቱንና እንግዳውን የሚቀበለው፥ ወሬም የሚጠያየቀው በዚያ ላይ ተቀምጦ ነው። ቤት ሲሠራ የእንግዳ መቀመጫ አብሮ መሠራቱ የሰዎቹን ልብ ያሳያል።

ከማሊንዲ በስተደቡብ በጫካ ውስጥ ጌዲ የሚባል የፈረሰ ከተማ አለ። የንጉሥ ቤትና መስጊዶች፥ የውሃ ጉድጓዶችና የሰው ቤቶች በትልልቅ ዛፎች ሥር ይታያሉ። በውስጡም ከቻይና የመጣ ሸክላ ተገኝቷል። ከማሊንዲም ራሷ በ1415 ቀጭኔ በመርከብ ተጭኖ ለቻይና ንጉሥ እጅ መንሻ ሄዶ ነበር። የጌዲ ሰዎች በ17ኛው መቶ ዓመት ከተማቸውን ጥለው ሄዱ። ስፍራው በ2024 በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። በግንቡ ላይ ስሙን የሚቸነክር ሰው አለ፤ ይህ ያስነውራል እንጂ አያስከብርም።

ሚጂኬንዳ የሚባሉት ዘጠኝ ነገዶች ደግሞ ካያ የሚሉት የአባቶቻቸው ጫካ አላቸው። ዛፉን መቁረጥ በሥርዓታቸው ክልክል ስለ ሆነ፥ በዙሪያው ያለው ምድር ሲራቆት እነዚህ ጫካዎች ቀሩ። በ2008ም በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፉ። በኢትዮጵያ በየደብሩ ዙሪያ ያለውን ጥንታዊ ዛፍ ያየ ሰው ይህን ነገር በቀላሉ ያስተውለዋል። ወደ ካያ የሚገባ እንግዳ ከአገሩ ሽማግሌዎች ፈቃድ ይጠይቅ፤ ከዚያም አንዳች ነገር ይዞ አይውጣ።

በዲያኒ ዛፎች ላይ የጉሬዛ ዘመድ የሆነ፥ ጥቁርና ነጭ ጠጕር ያለው ዝንጀሮ መሰል አውሬ ይኖራል። መኪና ብዙ ስለ ገደለበት፥ የሚጠብቁት ሰዎች ከመንገዱ በላይ ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚሻገርበት የገመድ ድልድይ ሠርተውለታል። ይህ አውሬ ምግቡ ቅጠል ነው። ዳቦና ጣፋጭ የሚወረውርለት እንግዳ የራራለት ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሆዱን ያሳምመዋል።

በባሕር ውስጥ ያለው ሕይወት

ከባሕሩ ዳር ጥቂት ራቅ ብሎ በውሃው ውስጥ እንደ ቅጥር የተዘረጋ ነገር አለ፤ ይህም ኮራል ነው። ላየው ሰው ድንጋይ ይመስላል፤ ነገር ግን እጅግ ትናንሽ የሆኑ ነፍስ ያላቸው ፍጥረቶች ከባሕሩ ውሃ ኖራ እያወጡ የሚሠሩት ቤት ነው። ትውልድ በትውልድ ላይ እየሠራ ቅጥሩ ከፍ ይላል። ከዓይነቶቹ አንዳንዱ በዓመት የሚያድገው አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በጫማው ረግጦ በአንድ ቅጽበት የሰበረው፥ ሕፃን አድጎ እስኪጎለምስ ድረስ ላይተካ ይችላል።

የኮራል ጥቅም ብዙ ነው። ዓሣ በውስጡ ይራባል፤ ትልቁ ማዕበልም በእርሱ ላይ ይሰበርና ወደ ባሕሩ ዳር የሚደርሰው ውሃ የረጋ ይሆናል። ኮራል ቢጠፋ ዓሣ አጥማጁ መረቡን ባዶውን ያወጣል፤ ማዕበሉም አሸዋውን ይጠርገዋል፤ እንግዳውም አይመጣም። በ1998 የባሕሩ ውሃ ከልክ በላይ ስለ ሞቀ በኬንያ ባሕር ብዙ ኮራል ነጥቶ ሞተ። የባሕርን ሙቀት አንድ መንገደኛ ብቻውን ሊያበርደው አይችልም፤ የቀረውን አለመርገጥ ግን ይችላል።

ኬንያ ይህን አስባ በ1968 በማሊንዲና በዋታሙ ባሕር ውስጥ የተጠበቀ ስፍራ ከለለች። በዚያ ዓሣ ማጥመድ፥ ዛጎልና ኮራል ማንሣት ክልክል ነው። ጎብኚ በጀልባ ሄዶ በዓይኑ ማየት ይችላል። የባሕር ኤሊም በዚያ ባሕር ዳር ሌሊት ወጥታ አሸዋውን ቆፍራ መቶ የሚያህል እንቁላል ትቀብራለች። ሁለት ወር ያህል ከቆየ በኋላ ጫጩቶቹ ተፈልፍለው ሌሊት ወደ ባሕሩ ይሮጣሉ። መንገድ የሚመራቸው በባሕሩ ላይ ያለው የሰማይ ብርሃን ነው። የእንግዶች ማረፊያ ቤት መብራቱን ወደ አሸዋው ቢያበራ፥ ጫጩቶቹ ተሳስተው ወደ መብራቱ ይሄዱና ይሞታሉ። ስለዚህ መብራቱን የሚያጠፋ ሰው ሳይታይ ብዙ ሕይወት ያድናል። የኤሊ ድንጋይ ጌጥ መግዛትም በሕግ ክልክል ነው፤ ገዢ ከሌለ ገዳይ አይኖርምና።

ውሃው በሚገባበት ጭቃማ ስፍራ ማንግሮቭ የሚባል ዛፍ ይበቅላል። ሥሩ እንደ ጣት ተዘርግቶ ጭቃውን ይይዛል፤ በሥሩም መካከል ትናንሽ ዓሣዎች ያድጋሉ። ከሞምባሳ በስተደቡብ በጋዚ የሚኖሩ ሰዎች ከ2013 ጀምሮ ይህን ጫካ እየጠበቁ፥ ለጠበቁበትም ከሌላ አገር ገንዘብ ይቀበላሉ። ጫካው አየርን የሚያሞቀውን ጢስ መሰል ነገር ይዞ ያስቀራልና ነው። በገንዘቡም ውሃ አስገብተዋል፤ ትምህርት ቤታቸውንም ረድተዋል። ቆርጦ ከመሸጥ ጠብቆ መኖር እንደሚበልጥ ከዚህ ይታወቃል።

ባሕር ለማያውቅ ሰው ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። ውሃው ስድስት ሰዓት ያህል ይሸሻል፤ ስድስት ሰዓት ያህል ደግሞ ይመለሳል። የባሕሩ መጉደልና መሙላት በሞምባሳ 3 ሜትርና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ውሃው ሲሸሽ አሸዋው ደረቅ መንገድ ይመስላል፤ ወደ ውስጥ ርቆ የሄደ እንግዳ ግን ውሃው ሲመለስ ከኋላው ይዘጋበታል። ዓሣ አጥማጆቹ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት በቃላቸው ያውቁታል። ሳይጠይቅ የሚገባ ሰው የቫስኮ ዳ ጋማን መመለሻ ያስታውስ።

የእንግዳ ሥርዓት

በኢትዮጵያ ወደ ሰው ደጅ የደረሰ ሰው «ቤቶች!» ብሎ እንደሚጣራ፥ የስዋሂሊ ሰው «ሆዲ!» ብሎ ይጣራል። ከውስጥ «ካሪቡ» ካሉት ይገባል፤ ካላሉት ይመለሳል። ታናሽ ለታላቁ «ሺካሙ» ብሎ ሰላምታ ይሰጣል፤ ታላቁም «ማራሀባ» ብሎ ይመልሳል። ሰላምታ ሳያቀርቡ ዋጋ መጠየቅ ወይም መንገድ መጠየቅ እንደ ነውር ይቈጠራል። አመሰግናለሁ ለማለት «አሳንቴ» ይባላል። እነዚህን አምስት ቃላት ለመማር የአንድ ሰዓት ጥናት ይበቃል፤ የሚከፍቱት በር ግን ብዙ ነው።

ከባሕሩ ዳር ሰዎች ብዙዎቹ እስላሞች ናቸው። ስለዚህ በከተማ ውስጥ ትከሻንና ጉልበትን የሚሸፍን ልብስ መልበስ ይገባል፤ ለመዋኛ የሚለበሰው በመዋኛው ስፍራ ብቻ ይቅር። በጾማቸው በረመዳን ቀን በአደባባይ አለመብላት ትሕትና ነው። ጾም ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ የኢትዮጵያ ልጅ ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። ሲበሉም እጃቸውን ታጥበው በቀኝ እጅ ይበላሉ፤ ሩዝ በኮኮናት ወተት፥ ከዓሣ ጋራ ያቀርባሉ።

የሰውን መልክ በፎቶግራፍ ከማንሣት በፊት ፈቃድ መጠየቅ ይገባል፤ ሰው እንደ ተራራና እንደ ዛፍ ዝም ብሎ የሚታይ ነገር አይደለምና። በባሕሩ ዳር ለሚለምን ልጅ ገንዘብ መስጠት ልጁን ከትምህርት ቤት ያስቀረዋል፤ መርዳት የሚፈልግ ለትምህርት ቤቱ ይስጥ። በሚገዛበት ጊዜ በትዕግሥት ይከራከር፤ ነገር ግን የድኻውን ድካም እስከ ማራቆት አይድረስ። ኬንያ ከ2017 ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢትን በሕግ ስለ ከለከለች፥ መንገደኛ ዕቃውን በጨርቅ ከረጢት ይያዝ።

የስዋሂሊ ሰዎች «ሀራካ ሀራካ ሀይና ባራካ» ይላሉ፤ ችኮላ በረከት የለውም ማለት ነው። በአማርኛም «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። ስለ እንግዳም እንዲህ ይላሉ፦ «እንግዳን ሁለት ቀን አስተናግደው፤ በሦስተኛው ቀን መቆፈሪያ ስጠው።» ይህም እንግዳን መጥላት አይደለም። የቆየ እንግዳ ቤቱን እንደ ቤቱ ሰው ያግዝ፥ የቤቱንም ሸክም ይካፈል ማለት ነው።

ስለዚህ ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ሰው ሁለት ጥያቄ ራሱን ይጠይቅ፦ ይህን አገር ሳላየው ምን ላውቅለት ይገባኛል? ስመለስስ ከኋላዬ ምን ትቼ እሄዳለሁ? በማሊንዲ የተሰጠው ብርቱካን ከተበላ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ሆነ፤ የሰጪው ደግነት ግን እስከ ዛሬ ይነገራል። የተቃጠለችው ከተማም ነገር ይነገራል። የአሁኑ መንገደኛም ቢሆን ወይ የተሰበረ ኮራል፥ ወይ የተጠበቀ ባሕር ትቶ ይሄዳል። ይህን ያስተዋለ ተማሪ ወደ ባሕሩ ዳር ባይደርስ እንኳ፥ ነገ ወደ ጎረቤቱ ደጅ ሲደርስ እንዴት እንደሚገባ ያውቃል።